ፌዥዋዳ ከሚሴ ቢመጣ

ሕዝብ ሁሉ የሚመካበት ነገር አያጣም፤ አንዱ በድሉ፥ ሌላው በድርሰቱ፥ ሦስተኛውም በሕንፃው ሲመካ ይኖራል፤ ነገር ግን የሰው ልጅ ከአገሩ ርቆ በባዕድ ምድር ሰንብቶ ሆዱን ባር ባር ሲለው፥ የሚናፍቀው ያን ድል ወይም ያን ሕንፃ ሳይሆን የእናቱን ድስት መሆኑን የተሰደደ ሁሉ ይመሰክራል። ብራዚላዊውም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። እግር ኳሱን ዓለም ያደነቀለት፥ ጭፈራውንም ዓለም ያየለት ይህ ሕዝብ፥ በሰው አገር ተሰብስቦ ስለ ቤቱ ማውራት ሲጀምር ምራቁን የሚውጠው ስለ አንድ የቦሎቄ ወጥ ነው፤ ስሙም ፌዥዋዳ ይባላል።

ፌዥዋዳን ቀምሶ ለማያውቅ አንባቢ ሥርዓቱን በጥቂቱ ልግለጽ። ጥቁር ቦሎቄ ማታ ተለቅሞና ታጥቦ በውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ጧት ከደረቀ የበሬ ሥጋ፥ ከቋሊማ፥ እንዲሁም (አንባቢ ሆይ፥ እዝነ ልቡናህን አጽና) ከዐሣማ ጆሮ፥ ከጅራቱና ከእግሩ ጋር በአንድ ታላቅ ድስት ይጣዳል፤ ከዚያም ለዘብ ባለ እሳት ለብዙ ሰዓት ሲንተከተክ ይውልና፥ ከቦሎቄው ከፊሉ ፈርሶ መረቁን ሲያወፍረው፥ ከፊሉም መልኩን ሳይለቅ ሲቀር፥ ያን ጊዜ ደረሰ ይባላል። በፖርቱጋል ያለው ታላቅ ወንድሙ ደግሞ የሚሠራው በነጭ ወይም በቀይ ቦሎቄ ነው፤ ጥቅል ጎመንና ካሮትም ይገባበታል። በሳኦ ፓውሎ ከተማ ምግብ ቤቶቹ ፌዥዋዳን የሚያቀርቡት ረቡዕና ቅዳሜ ነው፤ በእነዚህ ቀናት ሰው ከቀትር ጀምሮ ማዕዱን ከቦ ይቀመጣል፤ ከበላ በኋላም ወደ ሥራው የሚመለሰው ሰው ጥቂት ነው ይባላል።

ስለዚህ ወጥ ልደት በብራዚል ሕዝብ ዘንድ የቆየ ትረካ አለ። በሸንኮራ እርሻ ላይ በባርነት የሚማቅቁት አፍሪካውያን፥ ጌቶቻቸው የዐሣማውን ወርች በልተው ጆሮውንና ጅራቱን ሲጥሉ፥ የተጣለውን አንሥተው ከቦሎቄ ጋር በመቀቀል ፌዥዋዳን ፈጠሩ ይላል ትረካው። ነገሩ ልብ የሚነካ ነው፤ ብራዚል ባርነትን በሕግ የሻረችው እ.ኤ.አ. በ1888 መሆኑን ላስተዋለ ሰውም እውነት ይመስላል። ይሁን እንጂ የምግብን ታሪክ የመረመሩ ሊቃውንት፥ ከእነርሱም መካከል ስለ ብራዚል አመጋገብ ሰፊ መጽሐፍ የጻፈው ሉዊስ ዳ ካማራ ካስኩዶ፥ ይህን አይቀበሉም። ጥራጥሬንና ሥጋን በአንድ ድስት አብስሎ መብላት የፖርቱጋልም የፈረንሳይም ባላገር ከጥንት የሚያውቀው ሥርዓት ነው፤ የዐሣማ ጆሮና እግርም በአውሮፓ ማዕድ ተፈልጎ የሚበላ ብልት እንጂ የሚጣል ትራፊ አልነበረም ባዮች ናቸው። አንባቢ ከሁለቱ የወደደውን ይያዝ። እኔን የገረመኝ ግን የድሀ ምግብ መዓርግ ባገኘ ቁጥር የዘር ሐረግ የሚፈለግለት መሆኑ ነው። የእኛንም ሽሮ እንመልከት፤ ትናንት እንግዳ በድንገት ሲደርስ የቤት እመቤትን ያሳፍር የነበረው ሽሮ፥ ዛሬ ቋንጣ ጣል ተደርጎበት ቦዘና በሚል የክብር ስም በአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ሲቀርብ፥ ዋጋውን አይቶ የሚያፍረው እንግዳው ሆኗል።

እንግዲህ ይህ ዝነኛ ወጥ፥ የፓስፖርቱን ሥርዓት ፈጽሞና ባሕር ተሻግሮ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ጎዳና ጣርማ በርን አልፎ፥ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርዶ፥ ሸዋ ሮቢትን፥ አጣዬንና ካራ ቆሬን ተሻግሮ ከሚሴ ቢደርስ ምን ይገጥመው ይሆን? ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሚያ ዞን ርእሰ ከተማ ናት፤ በስተጎኗ የቦርከና ወንዝ የጨፋን ሜዳ እያረጠበ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ በበጋ ከብት የሚነዳው አርብቶ አደር በዚያ ሜዳ ላይ ሣር ሲፈልግ፥ የከተማው ሰው ደግሞ ከደሴና ከአዲስ አበባ የሚመላለሰውን መንገደኛ ሲመግብ ይውላል። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው፤ ክርስቲያኑም ጎረቤት ነው፤ ኦሮምኛውና አማርኛው በአንድ ጉሊት፥ አንዳንዴም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ መስማት የተለመደ ነው።

ፌዥዋዳም ከሚሴ በደረሰ ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠየቀው፥ አንድ እንግዳ እንደሚጠየቀው፥ «አገርህ ወዴት ነው? ማንን ይዘህ መጣህ?» ተብሎ ነው። ያን ጊዜ ድስቱ ተከፍቶ የዐሣማው ጆሮ ብቅ ቢል፥ ሼሁ «አዑዙ ቢላህ!» ብለው ወደ ኋላ ሲሸሹ፥ ቄሱም «በስመ አብ!» ብለው ወደዚያው ሲሸሹ፥ ሁለቱ በአንድ በር ላይ ይጋፋሉ። በሱረቱል በቀራ ለአንዱ የተከለከለው፥ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ለሌላው ርኩስ ተብሎ የተቈጠረው ያው እንስሳ ነውና፥ በዚህ ጕዳይ የሁለቱ ሃይማኖት ሰዎች በአንድ ጕባኤ ተቀምጠው ቢመክሩ ውሳኔው ያለ አንዳች ተቃውሞ እንደሚጸድቅ አልጠራጠርም። የመጽሐፍ ሰው ዐሣማን እርያ ይለዋል፤ የከሚሴ ሰው ግን ስሙን መጥራትም አያስፈልገው፥ ፊቱን ማጨፍገግ ይበቃዋል።

«እንግዲያውስ ዐሣማው ይውጣና በበሬ ይተካ» የሚል አስታራቂ ሽማግሌ ይነሣ ይሆናል። ወዳጄ፥ በወሎና በአካባቢው ሥጋ ራሱን የቻለ ሌላ ምዕራፍ አለው። በሬው አንድ ቢሆን፥ የበላው ሣርና የጠጣው የቦርከና ውሃ አንድ ቢሆን፥ በመጨረሻዋ ደቂቃ ቢላዋውን የያዘው ሰው «ቢስሚላህ» ወይም «በስመ አብ» ማለቱ የሥጋውን ማንነት ለዘለዓለም ይወስነዋል። በዚህ ምክንያት በዚህ አገር ሠርግ የሚደግስ አባወራ፥ እስላምም ይሁን ክርስቲያን፥ ጎረቤቱን ሳያስቀይም ለመሸኘት ሁለት ቦታ ያርዳል፤ ለሌላው ወገን ዕቃውም ቢላዋውም የወጥ ሠሪዋም እጅ ለየብቻ ይሰናዳል፤ ደጋሹም ከዳስ ወደ ዳስ ሲመላለስ የትኛው ድስት የማን እንደ ሆነ እንዳይሳሳት ዐይኑን ሳይነቅል ይውላል። ይህ የጥል ምልክት አይደለም፤ የሌላውን ሥርዓት ከራስ ሥርዓት እኩል ጠንቅቆ የማወቅ ጨዋነት ነው፤ ነገር ግን ማገዶም ድካምም ሁለት እጥፍ መሆኑ አይካድም።

ጥራጥሬ ግን አይታረድም። በባቄላ ላይ፥ በምስር ላይ፥ በሽምብራ ላይ ማንም ቢላዋ አያነሣም፤ ስለዚህ የማን እጅ እንደ ነካው የሚጠይቅ የለም። በዚህ ምድር ከአንድ ድስት ወጥቶ በአንድ ትሪ ላይ የሁለቱን ወገን እጅ ያለ አንዳች ምርመራ የሚያገናኝ ወጥ ቢኖር የጥራጥሬ ወጥ ነው። ለዚህም ማስረጃ የሚፈልግ ሰው፥ ረቡዕ ቀን በምሳ ሰዓት ከሚሴ ዋና ጎዳና ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ይበል። ማተቡ ከአንገቱ የሚታይ የጭነት መኪና ነጂ ይገባና፥ ሻሿን አሳምራ ወደ ጠቀለለችው የቤቱ ባለቤት ዘወር ብሎ፦

«እትዬ፥ ጾም አለ?»

«ምን ጠፍቶ! ሽሮ አለ፥ ምስር አለ፥ ጎመን አለ።»

«ቅቤ አልነካውም?»

«ኧረ በአላህ! ረቡዕ መሆኑን እኔ ላጣው ነው? ይልቅ እጅህን ታጠብና ቁጭ በል፥ ወንድሜ።»

ከዚያም የሽሮው ድስት ከምድጃው ወርዶ፥ በመንተክተኩ ምክንያት በአፉ ዙሪያ ቀይ የዘይት ጠርዝ እንደ ሠራ፥ በትሪው ላይ ካለው እንጀራ መካከል ይገለበጣል። ሽሮው ሲፈስ ደርዙን ሳይለቅ በቀስታ እየተንፏቀቀ ወደ እንጀራው ዳርቻ ይሄዳል፤ ነጂውም ቶሎ ብሎ በጉርሻ ይቀድመዋል። ከጎኑ የተቀመጠው ሙስሊም ነጋዴም፥ «እንብላ» ሲሉት «ብስሚላህ» ብሎ እጁን ይሰዳል። አንዱ ጾመኛ ሌላው ያልጾመ፥ አንዱ ሸዋዬ ሌላው ወሎዬ፥ ነገር ግን በሽሮው ላይ ክርክር የለም። ይህች ሙስሊም ሴት የክርስቲያኑን የጾም ቀን፥ የ55ቱን ቀን ዓቢይ ጾም ሳይቀር፥ ከአንዳንድ ክርስቲያን ይልቅ ጠንቅቃ ታውቃለች፤ እንጀራዋ ነውና። በረመዳንም ወራት ተራው ይዞራል፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በየመንገዱ ዳር ምስር በሆዷ የያዘች ሳምቡሳ በዘይት ስትንጣጣ፥ ማፍጠሪያውን ከሚገዛው ሰው መካከል ሽታው የጠራው ክርስቲያን ጎረቤትም አይታጣም።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ብራዚላዊው በዕለተ ረቡዕ ድስቱን ከፍቶ የዐሣማ ጅራት ሲያወጣ፥ በዚያው በዕለተ ረቡዕ የእኛ ሰው ድስቱን ከፍቶ ቅቤ እንኳ እንዳልነካው ያረጋግጣል። ሁለቱም ድስት ውስጥ ግን ጥራጥሬ አለ። የሥጋ ጕዳይ ያለያየንን ያህል የጥራጥሬው ጕዳይ ያስማማናል ማለት ነው።

አሁን ወደ አጃቢዎቹ ልለፍ፤ የፌዥዋዳ ክብር ከወጡ ይልቅ በአጃቢዎቹ ነውና። በቀድሞው ዘመን ደጃዝማች ያለ ጭፍራ፥ ያለ ጋሻ ጃግሬና ያለ እንቢልታ ቢወጣ በበቅሎ ላይ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር፤ የቦሎቄ ወጥም ብቻውን ቢቀርብ ያው የተቀቀለ ቦሎቄ ነው። ብራዚላውያን ይህን ስለሚያውቁ ወጣቸውን ያለ ነጭ ሩዝ፥ ያለ ጎመን፥ ያለ ፋሮፋ፥ ያለ ብርቱካንና ያለ ሚጥሚጣማ ቃሪያ አደባባይ አያወጡትም።

ጎመናቸው የእኛው ጎመን ዘመድ ነው፤ እነርሱ ቅጠሉን ጠቅልለው እንደ ክር አቅጥነው ይከትፉትና በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ገላበጥ አድርገው ሳይሞት ያወጡታል። እኛ ደግሞ ቀቅለን፥ ጨምቀን፥ ከትፈን፥ በዝንጅብልና በቃሪያ እስኪበስል እናቁላላዋለን። የኛው ሰው «ጎመን በጤና» ሲል ጎመንን የትዕግሥትና የመብቃቃት ጕዳይ አድርጎ ሲያጽናናበት ኖሯል፤ ብራዚላዊው ግን ያንኑ ጎመን ከሰባ ወጥ አጠገብ አስቀምጦ የቅባቱን ክብደት እንዲያቀልለት ያዝዘዋል። ሩዙም እንግዳ አይደለም፤ ከፎገራ ሜዳ ጀምሮ በክልሉ እየታወቀ የመጣ እህል ሲሆን፥ በከሚሴ ደግሞ ከድግስ ላይ አይጠፋም። የሥነ ምግብ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ ጥራጥሬ የጎደለውን የፕሮቲን ክፍል እህል ይሞላዋል፥ እህል የጎደለውንም ጥራጥሬ ይሞላዋል፤ ስለዚህ ሩዝና ቦሎቄ፥ ወይም የማሽላ እንጀራና ሽሮ፥ ሳይተዋወቁ የተጋቡ የሚመስሉ ነገር ግን ባሕርያቸው የተስማማ ባልና ሚስት ናቸው፤ አያቶቻችንም ይህን ያወቁት ያለ ቤተ ሙከራ ነው።

ፋሮፋ የሚባለው በቅባት የተቈላ የካሳቫ ዱቄት ነው፤ በወጡ ላይ ሲነሰነስ መረቁን ይጠጣል፥ በጥርስ መካከልም ይንኮሻኮሻል። ካሳቫ በጨፋ ሜዳ አይታወቅም፤ ነገር ግን የተቈላ የገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ ጭኮ እየተባለ በኦሮሞ ቤት ሲቀርብ ያየ ሰው የፋሮፋን አሳብ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ብርቱካኑም ለጌጥ የገባ አይምሰላችሁ፤ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ሲ ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት በሚገባ እንዲስበው ይረዳዋል። በብርቱካን ፋንታ ሎሚ የሚጨምቅ ሰውም ያንኑ ዋጋ ያገኛል።

በርበሬውና ቃሪያው ሲነሣ ነገሩ ወደ ዘመድ ቈጠራ ይገባል። ፖርቱጋሎች በአምባሳደርነት ወደ አፄ ልብነ ድንግል የመጡት እ.ኤ.አ. በ1520 ነው፤ በዚያ ጕዞ የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ አገራችን ያየውን በመጽሐፍ አትቷል፤ በ1541 ደግሞ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ 400 ነፍጠኛ ይዞ ምጽዋ ወረደ። ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ጠመንጃው አብዝተው ሲተርኩ ስለ ስንቁ ከረጢት እምብዛም አይናገሩም፤ ነገር ግን በርበሬ፥ በቆሎ፥ ድንች፥ ቲማቲምና ቦሎቄ ሁሉም የአሜሪካ ምድር አዝርዕት ናቸውና፥ ከኮሎምቦስ ጕዞ በፊት በማናቸውም ሐበሻ ድስት ውስጥ እንዳልነበሩ የታወቀ ነው፤ ቦሎቄንም ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ያደረሱት ፖርቱጋሎች ሳይሆኑ አይቀሩም ይባላል። እነሆ፥ ዛሬ ያለ በርበሬ ወጥ፥ ያለ ወጥ ኢትዮጵያዊ የለም የምንል ሰዎች፥ ኢትዮጵያዊነታችንን ከባሕር ማዶ በተሻገረ ፍሬ አስመስክረናል። ብድሩንም ሳንመልስ አልቀረንም፤ ከእኛ ጫካ የወጣው ቡና በየመን በኩል ዞሮ እ.ኤ.አ. በ1727 በፍራንሲስኮ ዴ ሜሎ ፓልዬታ እጅ ብራዚል ገብቶ፥ ያችን አገር በዓለም አንደኛ ቡና አምራች አደረጋት። እነርሱ ቡናችንን፥ እኛ ቦሎቄያቸውን ይዘን ተለያየን፤ ከፌዥዋዳ በኋላ ብራዚላዊው ፉት የሚላት ስኒ፥ ከቡናችን ጋር የምንቈረጥመው የቦሎቄ ንፍሮ፥ ሁለቱም የዚያ ልውውጥ ትርፍ ናቸው። በመካከሉ ብራዚላዊው የሚጠጣትን የሸንኮራ አረቄ ግን ከሚሴ ላይ በብርዝ ወይም በሻይ እንተካታለን።

የጥራጥሬን ነገር የሚያወሳ ጸሐፊ አንድ ጕዳይ በዝምታ ቢያልፍ ያስተዛዝበዋል። አባቶቻችን «ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር የጨረሱትን፥ የዘመኑ ሊቃውንት በጥራጥሬ ውስጥ አንጀት የማይፈጨው የስኳር ዓይነት መኖሩን፥ በታችኛው አንጀት ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያንም ያን ስኳር ሲያብላሉት ነፋስ መወለዱን በብዙ ገጽ ያስረዳሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ጥራጥሬውን ዘፍዝፎ ማሳደርና የዘፈዘፉበትን ውሃ መድፋት፥ በሚገባም ማብሰል ነው። ቀይ ቦሎቄ ደግሞ ጥሬነት ካለው እስከ ማስመለስ የሚያደርስ ጉዳት ስላለው፥ «ትንሽ ቢንኮሻኮሽ ምን አለበት» የሚል ችኩል ወጥ ሠሪ እጅ ላይ መውደቅ የለበትም። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አይጓደልበት፤ ያን ጊዜ በጕባኤ መካከል መሰማት የማይገባው ድምፅ አይሰማም።

አሁን ወደ ዋናው ጕዳዬ ደረስኩ፤ እርሱም ማሾ ነው። በከሚሴ ዞን ባሉት የደዋ ጨፋ፥ የአርጡማ ፉርሲና የጅሌ ጥሙጋ ወረዳዎች ቆላ ማሳዎች ላይ፥ ወደ ደቡብም እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ፥ ይህ ጥራጥሬ ከታወቀ ቈይቷል። ከስንጥቅ ምስር ጥቂት የሚበልጥ፥ አረንጓዴና የሚያብረቀርቅ ፍሬ ነው፤ ዘለላው ሲደርስ ይጠቍራል፤ ሁሉም ዘለላ በአንድ ቀን ስለማይደርስ ልጆችና እናቶች ማሳውን በእጃቸው እየለቀሙ ይመላለሱበታል። ዝናቡ ዘግይቶ ማሽላው ከከሸፈ ገበሬው ማሾ ዘርቶ ኪሳራውን ይክሳል፤ በሁለት ወር ተኩል ወይም በሦስት ወር ይደርሳልና። መሬቱንም በናይትሮጂን ያበለጽጋል። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ሊቃውንት ራሳ የተባለ የተሻሻለ ዝርያ አውጥተውለታል፤ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም በ2006 ዓ.ም. ማሾን ከሚያገበያያቸው ምርቶች አንዱ አድርጎታል። ከዚህ በኋላ ማሾ የመንደር ሰው መሆኑ ቀረና ወደ ሕንድና ወደ ሌሎች የእስያ አገሮች በመርከብ የሚመላለስ ባለሥልጣን ሆነ። ሕንዶች ከሩዝ ጋር ገንፎ ያደርጉታል፥ ከክኩም ዳል ይሠራሉ፤ ቻይናዎች አብቅለው ቡቃያውን ይበላሉ።

እኛስ? ጥቂቱ በንፍሮ መልክ ወይም በሾርባ ይበላ ይሆናል፤ የቀረው ግን ከአውድማ ወደ ጆንያ፥ ከጆንያ ወደ ጭነት መኪና ነው። በገበያ ቀን ጆንያ ተደርድሮ ከሚታይበት ደጃፍ ላይ ቆሜ አንድ አረጋዊ የእህል ነጋዴን ጠየቅኋቸው፦

«ሐጂ፥ ይህን ሁሉ ማሾ ቤትዎም ትበሉታላችሁ?»

ሐጂ ጺማቸውን እያሻሹ አዩኝና፦

«እንሸጠዋለን እንጂ ልጄ! እንዴት ያለ ጥያቄ ነው?»

«ታዲያ ምን ትበላላችሁ?»

«በማሾው ገንዘብ ሽሮ እንገዛለን።»

«ሽሮው ከየት ይመጣል?»

«ከደጋ።»

እዚህ ላይ ሁለታችንም ትንሽ ዝም አልን፤ ሐጂም ከእኔ ቀድመው ሣቁ። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው ይህ ነው። ቆለኛው ማሾውን ለሕንድ ሸጦ፥ የተጓጓዘ የአተርና የሽምብራ ዱቄት በትርፍ ዋጋ ገዝቶ ሲመለስ፥ ሕንዱ ደግሞ ማሾውን በልቶ ስለ ጤናማነቱ መጽሐፍ ይጽፋል። ማሾን መሸጥ ነውር ነው አልልም፤ ገበሬው ልጁን የሚያስተምርበትና ቆርቆሮ የሚገዛበት ሀብቱ ነውና እግዚአብሔር ገበያውን ያስፋለት። ነገር ግን «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» የሚለው ተረት በማሾ ላይ ሲፈጸም ማየት ያስቆጫል። ብራዚል በፌዥዋዳ የታወቀችው ቦሎቄዋን ለሌላው ብቻ ስላተረፈች አይደለም፤ ራሷ ስለ በላች፥ ለበላችውም ቀን ወስና አጃቢ ስላበጀችለት ነው።

ስለዚህ የከሚሴን ፌዥዋዳ እንዲህ እናብስል። ማሾው በሰፌድ ተበጥሮ ጠጠሩ ይለቀም፤ ማደር አያስፈልገውም፤ ይህም ከቦሎቄ የሚሻልበት አንዱ ምግባሩ ነው። በሸክላ ድስት ተጥዶ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይበስላል፤ በሌላ ድስት ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ ውሃው እስኪጠፋ ይቁላላና ዘይት ይጨመርበት፤ በርበሬ ገብቶ ቀስ እያለ ይብሰል፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይከተሉ። የበሰለው ማሾ ከነመረቁ በዚህ ላይ ይፍሰስና፥ በእንጨት ማማሰያ ግማሹ ተደፍጥጦ ግማሹ በቅርጹ ይቅር፤ መረቁ ሲወፍር ከእሳት ይውረድ። ያልጾመ ሰው ቅቤውን በየራሱ ሳህን ይጨምር። ቋንጣውስ? እዚህ ላይ ብራዚላውያን ያልጠበቅነውን ትምህርት ይሰጡናል፤ በተሟላው ፌዥዋዳ ብዙ ጊዜ ሥጋው ከቦሎቄው ተለይቶ በሌላ ሳህን ይቀርባልና። እኛም ማሾውን በአንድ ድስት አብስለን ሥጋውን በሁለት ሳህን፥ አንዱን «ቢስሚላህ» ከተባለበት፥ ሌላውን «በስመ አብ» ከተባለበት በሬ ብናቀርብ፥ የድግሱ ጭንቀት በግማሽ ይቀንሳል፤ ወጡ የጋራ፥ ሥጋው የየራስ ይሆናል። በጎኑ የተከተፈ ጎመን፥ ነጭ ሩዝ ወይም የማሽላ እንጀራ፥ ስንግ ቃሪያ፥ ሎሚ፥ ጭኮ ይሰለፉ። ዐሣማው ግን ከድንበር ይመለስ።

የከሚሴ፥ የሰንበቴና የባቲ ሰዎች ሆይ፥ ምክሬ አጭር ናት፤ ማሾውን ሽጡት፥ ዋጋውንም ተደራደሩበት፤ ነገር ግን ጆንያው ከመሰፋቱ በፊት አንድ ቁና ለቤታችሁ አስቀሩ። የምግብ ቤት ባለቤቶችም በሳምንት አንድ ቀን፥ ቢቻል ረቡዕ፥ የማሾ ወጥ ከነአጃቢዎቹ እንዳለ በበራችሁ ላይ ጻፉ፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገደኛ ሽሮውን በየአዳራሹ ያገኘዋል፥ ይህን ወጥ ግን ከእናንተ ዘንድ ብቻ ፈልጎ ይመጣል።